ዛፍ ያልጠየቅኳቸው ሰው

በቻናላችን ላይ በስሜ ከለጠፍኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው የጋሽ ቆጭቶን መርዶ ነው። አምስት መስመር ብቻ ናት። የቦንጋ የሥራ ባልደረባዬ የነበረችው ወርቅነሽ ደውላ «ሰናይት፣ ጋሽ ቆጭቶ እኮ አረፉ» አለችኝ። አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ጻፍኩ፣ ለጠፍኩ። ሻይ ጥጄ ስመለስ ከሥሩ ያለው ኮሜንት ወደ ታች ቢጎትቱት አያልቅም። «ነፍስ ይማር ጋሽዬ»፣ «የምድራችን አባት»፣ «ከእንግዲህ ማን ይንገረን?» እኔ እዚያ ቻናል ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ ጽፌያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶኝ አያውቅም። እውነቱን ልናገርና እንባዬ ሳይደርቅ ቀናሁባቸው። በሞተ ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌም ነው። ከየአገሩ የመጣ ሰው በአንድ ዓለም ውስጥ ይገናኛል፤ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ፈጥሮ በእሱ አማካይነት ይዋጋል፣ ይነግዳል፣ መሬት ይይዛል፣ ቤት ይሠራል። እኛ በአማርኛ «የጭጋግ ምድር» እንለዋለን። ሦስት ክፍል ወጥቶለታል። አራተኛው ይመጣል መባል ከጀመረ ወዲህ የተጫዋቹ ሁሉ ወሬ አንድ ሆነ፤ አዲሱ ምን ይመስላል? አዲሱ ሲመጣ እኛ የምንኖርበት ሦስተኛውስ ምን ይሆናል? የእኔ ቻናል የተከፈተው ይህንን ለመተንተን ነው። ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ማስታወቂያ ሲለቁ እኔ በየሰከንዱ እያስቆምኩ ተራራውን፣ ልብሱን፣ ከኋላ የሚያልፈውን ወፍ ሳይቀር እመረምር ነበር። በጽሑፍ ብቻ ነበር የምሠራው። አንድ ጊዜ ድምፄን ቀድቼ ብለቅ ከሐሳቤ ይልቅ ሴትነቴ መነጋገሪያ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ድምፄን ለራሴ አስቀመጥኩት።

ከደብረ ብርሃን ቦንጋ የተመደብኩት የአንድ መሥሪያ ቤት አይሲቲ ባለሙያ ሆኜ ነው። ክፍሌ ከመዝገብ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። መዝገብ ቤቱ ማለት ደግሞ ጋሽ ቆጭቶ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራ ዳሌያቸውን የሚያነክሱ ሰው ነበሩ። ቡናማ ካፖርታቸው ክረምት ከበጋ አይወልቅም፤ ዝናብ በሚበዛበት አገር ይህም አይፈረድባቸውም። የሃያ ዓመት ፋይል በቃል ያውቃሉ። አለቃ ሆነ ባለጉዳይ ፋይል ጠፋ ብሎ ሲጮህ አይደነግጡም። «ፋይል አይጠፋም» ይላሉ፣ «ጠያቂ ነው የሚጠፋው።» የቢሮው ወጣቶች «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ይተርቧቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ስቀው ግን ፋይሉን ያለ ፊርማ አይሰጡም።

የተወለዱት ከቦንጋ ወጣ ብላ ባለችው ማንኪራ ነው። ጫካው ውስጥ ከአባታቸው የወረሱት ኮቦ ነበራቸው። የካፋ ጫካ እንደ እኔ ላለው መጤ አንድ ወጥ ዛፍ ይመስለዋል እንጂ፣ ከዚህ ወንዝ እስከዚያ ኮረብታ የእከሌ፣ ከዚያ ወዲያ የእከሌ ተብሎ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ ድርሻ ነው። ድርሻው ኮቦ ይባላል። ሌላ ሰው ቀፎ መስቀል ቢፈልግ ባለ ኮቦውን ይጠይቃል፤ ባለ ኮቦውም ዛፍ ያሳየዋል። ጋሽ ቆጭቶ በወጣትነታቸው በገመድ ዛፍ ላይ እየወጡ ማር ሲቆርጡ የኖሩ ናቸው። አንድ ቀን ቀፎ ሲያወርዱ ወደቁ፤ ዳሌያቸው የተጎዳው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ይሄዱና የወንድሞቻቸው ልጆች ሲወጡ ከታች ቆመው ያያሉ። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስጫወት ገቡና ከኋላዬ ቆሙ።

«ይኼ ጫካ የት ነው?»

«የትም አይደለም ጋሼ፤ ጌም ነው።»

«ዛፉስ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ያገኘ ይቆርጠዋል፤ ተመልሶ ይበቅላል።»

ሳቁ። «የማንም ያልሆነ ዛፍ እኔ አይቼ አላውቅም» አሉ።

የእሳቸውን አካውንት የከፈትኩላቸው እኔው ነኝ። እጄን ይቁረጠው እል ነበር ኋላ ላይ። የከፈትኩላቸውም ለራሴ መሳቂያ እንዲሆኑኝ ነው፤ ሆኑም። ጌሙ ለጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ዛፍ ቆርጦ ጎጆ መሥራት ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጋሽ ቆጭቶ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ባለቤቱን ሳልጠይቅ ዛፉን አልቆርጥም አሉ። ጌሙ ያዘጋጀላቸውን መጥረቢያ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ መንገድ ዳር ካለ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመው፣ ለሚያልፈው ተጫዋች ሁሉ በአማርኛ «ይህ ዛፍ የማን ነው?» እያሉ ይጽፋሉ። ብራዚላዊው ያልፋል፣ ኮሪያዊው ያልፋል፤ የጥያቄ ምልክት ጽፎላቸው ይሄዳል። አንዱ ሰይፍ መዞ ገደላቸው። ተነሥተው እዚያው ዛፍ ሥር ተመለሱና «እንዴት ዋልክ? ይህ ዛፍ ያንተ ነው?» አሉት። እኔ በሳቅ ወንበሬ ላይ ተንፈራፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን ግን ከሐዋሳ የሚጫወት አንድ ልጅ ፊደሉን አይቶ ቆመ። «ጋሼ፣ ዛፉ የእርስዎ ይሁን፤ ቦታውን በስምዎ ማስመዝገብ ይችላሉ» ብሎ አሳያቸው። አስመዘገቡ። በዚህ ጌም ውስጥ አንድ ሰው በያዘው ቦታ ላይ ሌላው ምንም ነገር ማስቀመጥ አይችልም፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቁልፍ አለ፤ ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ይሆናል። ይህን ቁልፍ እኛ በዘመናችን ነክተነው አናውቅም። ጋሽ ቆጭቶ ሲያዩት ዐይናቸው በራ። «እነዚህ ሰዎች ኮቦ ያውቃሉ ማለት ነው» አሉኝ። ያ ልጅ የመጀመሪያውን ቀፎ ለመስቀል ጠየቀ፤ እሳቸውም ሁለት ዛፍ አማረጡት። ጓደኞቹን አመጣ። ጓደኞቹ ጓደኞቻቸውን አመጡ። ማር ጌሙ ውስጥ ለቁስል መድኃኒት ይሆናል፤ ማንም ሰው ግን ለመድኃኒቱ ብሎ አልነበረም የሚመጣው። ጋሽ ቆጭቶ በምሳ ሰዓት እኔ ክፍል ተቀምጠው፣ እንደ ልጅ እየሳቁ፣ እነዚያን ዛፎች አንድ በአንድ ይወጡ ነበር።

በቻናሉ ላይ የጀመሩትም በዚሁ ነው። አንድ ቀን አራተኛው ክፍል ላይ ረጅም ትንታኔ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። «ልናገር?» አሉ። ስልኬን ሰጠኋቸው፤ ድምፃቸውን ቀዱ፤ ለቀቅኩት። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ካፊኖኖ የሚሰማበት አማርኛቸው፣ «አንተ»ና «አንቺ» የሚደባለቅበት፣ ምንም ያላፈረ ድምፅ።

«ልጆቼ፣ አዲስ ቀፎ ትሠራላችሁ። ቆንጆ ነው። ትሰቅላላችሁ። ንብ ይገባል? አይገባም። መታጠን አለበት። የሚያውቀው ነገር ሲሸተው ነው የሚገባው። ይኼን ጌም የሚሠሩት ሰዎች ሞኝ አይደሉም። አራተኛውን ሲያወጡ ከሦስተኛው ሽታ ይዘው ይመጣሉ። ሦስተኛውንም አይዘጉም። ንብ ያለበት ቀፎ ማን ይዘጋል?»

አለቀ። የእኔ ትንታኔ በዚያች ድምፅ ሥር ተረሳ። በማግስቱ «ጋሽ ቆጭቶ ስለ ካርታው ምን ይላሉ?» ተባልኩ። ተጫዋቹ ሁሉ ሰፊ ካርታ ይምጣ ሲል እሳቸው «ሰፊ መሬት ለምን? ያለውን ማን ጨረሰው?» አሉ፤ ይህች አባባል በየግሩፑ ዞረች። ስለ ውጊያው ጠየቋቸው፤ ስለ ገበያው ጠየቋቸው። እኔ መልእክት አቀባይ ሆንኩ። እኔ ስለ ኩባንያው የምጽፈው በማስረጃ ነው፤ ሁለተኛውን ክፍል ሲያወጡ አንደኛውን እንዴት እንደዘጉ፣ ሁለት ዓለም አንድ ላይ ማስኬድ እንደማያዋጣቸው፣ ስለዚህም ሦስተኛው መዘጋቱ እንደማይቀር ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ኮሜንት፦ «ጋሽ ቆጭቶ ግን አይዘጋም ብለዋል።» አንጀቴ አረረ። የእኔ ቻናል፣ የእኔ ስልክ፣ የእኔ ምሳ ሰዓት!

ቅናት እንዲህ በደማቁ ሲመጣ ደህና ነው፤ ሰው ያውቀዋል። የእኔ ግን ሌላ መልክ ያዘ። ድምፃቸውን ወደ ጽሑፍ እየለወጥኩ፣ «ለአንባቢ እንዲመች» በሚል ሰበብ እያቃናሁ መለጠፍ ጀመርኩ። ቀፎውንና ጭሱን አውጥቼ «በእኛ ግምት የቀድሞው ክፍል አገልግሎት ሊቀጥል ይችላል» ብዬ አሳጠርኩት። አንባቢው ግን አልተሸወደም። «አስተዳዳሪዋ፣ ጋሽያችንን መልሺልን» ብሎ ጻፈልኝ።

በዚህ መሀል ነው ከአዲስ አበባ ግብዣ የመጣው። የጌም ወዳጆች ተሰብስበው፣ አዳራሽ ተከራይተው፣ ስለ አራተኛው ክፍል ሊወያዩ ነው። መልእክቱ ለእኔ ደረሰ። «ጋሽ ቆጭቶን ይዘሽልን ብትመጪ ደስ ይለናል፤ ሁሉም ሊያያቸው ጓጉቷል፤ ለመምጫው አታስቡ» ይላል። ይዘሽልን! እንደ ሻንጣ ተሸካሚ። መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩትና እኔ በስም የተጠራሁበት ቦታ አጣሁ።

ለጋሽ ቆጭቶ ምንም አልነገርኳቸውም። ለአዘጋጆቹ ደግሞ «ያሳዝናል፣ ወገባቸውን ታመው ተኝተዋል፤ እኔ እመጣለሁ» ብዬ መለስኩ። ፈቃድ ወሰድኩና ሄድኩ። ቅዳሜ መድረክ ላይ ወጣሁ። ጥሩ ተናገርኩ፤ ማስረጃዬን ዘረዘርኩ፤ ሦስተኛው ይዘጋል አልኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ጥያቄ ያለው ተባለ። ከፊት የተቀመጠው ልጅ ተነሣና «ጋሽ ቆጭቶ እንዴት ናቸው? ተሻላቸው?» አለ። ከዚያማ ሁሉም ቆሞ፣ እጁን እያውለበለበ፣ «ጋሽዬ እግዚአብሔር ይማርዎት!» ብሎ ቪዲዮ ተቀረጸ። እሑድ ቻናሉ ላይ ለጠፉት። ላጠፋው ብል ምን ብዬ?

ሰኞ ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ውስጥ ሆኜ የሚጠብቀኝን ሳስብ ዋልኩ። ወርቅነሽን ጨምሮ የቢሮው ወጣቶች ቻናሉን ይከታተላሉ። ጋሽ ቆጭቶ ከዘራቸውን ይዘው ቢሮ ሲገቡ የእኔ ነገር ያበቃለታል። ማክሰኞ ጧት ስገባ የመዝገብ ቤቱ በር ተቆልፏል። «አልሰማሽም እንዴ? የሕመም ፈቃድ ወስደዋል፤ ወገባቸውን» አለችኝ ወርቅነሽ። ቻናሉን ከፈትኩ። የእሳቸው ድምፅ ነበር፤ በእኅታቸው ልጅ ስልክ የተላከ። «ልጆቼ፣ አመሰግናለሁ። ወገቤን ትንሽ አሞኝ ነው። ሰናይት ስለ እኔ ሆኖ ሄዷል። ጎበዝ ነው፤ እሱን ስሙት።»

የቢሮው ሰው ለጥየቃ ተሰበሰበ። ሰው ታሞ አለመሄድ ነውር ነው፤ እኔም ሙዝና ብርቱካን ተሸክሜ ከመሀል ተሰለፍኩ። ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች በር ላይ ተቀበሉን። «እኔስ ግራ ገብቶኛል» አሉ። «ቅዳሜ ጓሮ እንሰት ሲነቅሉ የዋሉ ሰው፣ እሑድ ስልክ አይተው ታምሜያለሁ ብለው ተኙ።» ጋሽ ቆጭቶ እስከ አገጫቸው ብርድ ልብስ ተከናንበዋል። የክፍል ኃላፊያችን በቀረበ ቁጥር «ውይ» ይላሉ፤ ዞር ሲል ዝም ይላሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሌላው ሰው ሻይ ሊጠጣ ወደ ሳሎን ሲወጣ እጄን ያዙኝ።

«ወገብ ማለትሽ ጥሩ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ልባቸውን ነው ብትይ ኖሮ ሐኪም ቤት ይወስዱኝ ነበር።»

ሳቄና እንባዬ እኩል መጡ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ የወጣው ግን «ጉዞው ይከብድብዎታል ብዬ እኮ ነው» የሚል ነው።

«እኔ ዘንድ ስንት ቀፎ እንደተሰቀለ አይተሻል» አሉ። «ከሐዋሳ አለ፣ ከመቀሌ አለ፣ የማላውቀው አገርም አለ። አንቺ ብቻ ዛፍ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«እኔ ምን ያደርግልኛል ጋሼ? የራሴ ቦታ አለኝ።»

«አለሽ። ልስጥሽ ብል ደግሞ ወጉ አይደለም። ባለ ኮቦ ሲጠየቅ ነው የሚሰጠው። ጠይቂኝ ብዬ እኔ ልለምንሽ አልችልም።»

«እሺ፣ አንድ ቀን እጠይቃለሁ» አልኩና ወጣሁ። የማይጠየቅ ነገር ሆኖ አይደለም። ጌሙ ውስጥ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ግን ስሜ በእሳቸው ዛፍ ላይ፣ ከእነዚያ ሁሉ አድናቂዎች መሀል፣ እንደ አንዷ ተንጠልጥሎ ማየት አልፈለግኩም። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ እኮ!

እሳቸው ሦስት ቀን በሐሰት ተኝተው ሐሙስ ቢሮ ገቡ። ለሁለት ሳምንት ያህል የእኔን ውሸት ለመጠበቅ ሲሉ ከወትሮው የበለጠ አነከሱ። ለማንም አልተናገሩም። ይህንን ከእሳቸው ውጭ ሰው ሲያውቀው የመጀመሪያው ነው፤ አሁን እናንተ አወቃችሁ። ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት ሲመጡ «ሥራ በዛብኝ» እል ጀመር። ስልክ ገዙና በራሳቸው ይጫወቱ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ዝውውር አግኝቼ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ሲሸኙኝ ማር ሰጡኝ፤ የእውነቱን፣ የማንኪራውን። አንዳንድ ጊዜ ቻናሉ ላይ ድምፃቸውን እሰማ ነበር። በግል አልደወልኩላቸውም።

ከመርዶው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው አስታወቀ፤ አራተኛው ክፍል ይከፈታል፣ ሦስተኛው ይዘጋል። ልክ እንዳልኩት! ያልኩት ሁሉ ቃል በቃል ሆነ። ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። «ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ ቻናል እንደተነበይነው» ብዬ ጀመርኩና ለጠፍኩ። ከሥሩ የመጣው ኮሜንት ይህ ነው፦ «እንኳን ጋሽ ቆጭቶ ይህን ሳያዩ ሄዱ።» ከዚያ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ሁለቱንም አጠፋኋቸው፤ አፍሬ መለስኳቸው። እኔም ራሴ እኮ ያሰብኩት እሱኑ ነበር።

የሚዘጋው ቅዳሜ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ነው። ቤት ጠርጌ፣ ልብስ አጥቤ፣ ላለመግባት ጊዜ ስገፋ ቆይቼ አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ገባሁ። ወደ ራሴ ቤት አልሄድኩም። የጋሽ ቆጭቶ ጫካ ስደርስ መቆሚያ የለም። ሰይፍ የመዘዘ አንድም የለ፤ ከየአገሩ የመጣው ሁሉ ከየዛፉ ሥር ቆሟል። ለእኔ እንዲህ የሚቆም ይኖር ይሆን አልኩ፤ እንግዲህ ልማድ ነው፣ እዚያም ቀናሁ። በየዛፉ ላይ ቀፎ፣ በየቀፎው ላይ ስም። ከዛፍ ዛፍ እየሄድኩ ስሞቹን አነበብኩ። ቀፎ ያልተሰቀለበት አንድ ብቻ አገኘሁ፤ መንገድ ዳር ያለው ትልቁ ዛፍ ነው፣ ሦስት ቀን ቆመው ባለቤቱን የጠበቁበት። ለምን ባዶ እንደተውት የሚነግረኝ የለም። የሐዋሳው ልጅ አጠገቡ ቆሞ ነበርና ጠየቅኩት። «ስንት ሰው ጠየቃቸው፣ ለሁሉም እንቢ አሉ» ብሎ ጻፈልኝ። «ይህ ዛፍ ሰው አለው ይሉ ነበር።»

ከቦርሳዬ ቀፎ አወጣሁ። ልሰቅለው ስል ጌሙ ከለከለኝ፤ ባለቤት አለው። ፈቃድ መጠየቂያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ምክንያት ጻፊ የምትል ትንሽ ቦታ ትከፈታለች። «ጋሽ ቆጭቶ፣ ወገብዎን አላመመዎትም ነበር። ውሸቱ የኔ ነው፤ ቀንቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ። ዛፍ ይስጡኝ» ብዬ ጻፍኩና ላክሁ።

«ጥያቄዎ ለባለቤቱ ደርሷል፤ መልስ ይጠብቁ» አለኝ።

እሳቸው ለዚህ ዛፍ ሦስት ቀን ጠብቀዋል። ለእኔ የቀረኝ ሃያ ደቂቃ ነበር። ከሥሩ ቆሜ ጠበቅኩ።